የጳጉሜ ስድስቱ ጽሑፍ

ኅዳር 4 ቀን 2006፣ ረቡዕ

ከአያት ሩዋንዳ ሠፈር ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። የባቡሩ ቁፋሮ ሲኤምሲ ላይ መንገዱን ዛሬም ወደ ሌላኛው ጎን አዙሮታል። ታክሲው ውስጥ ለውስጥ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ቆመ። በዚህ አቧራ ነጭ ሻርፕ ማድረግ መተው አለብኝ። ሥራ ስገባ ዘበኛው “ጋዲሴ፣ ዛሬ ደግሞ ከየት ተቆፍረሽ ወጣሽ?” አለኝ። ሳቅሁለት። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

የምሠራበት እንግዳ ማረፊያ ሙሉ ነው። ሁሉም የሕንፃ፣ የመንገድ፣ የኬብል ሰው። ሁሉም ሙቅ ውሃ ይፈልጋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ኢሜይል ከፈትኩ። ብሎጌ የተቀመጠበት የውጭ ድርጅት ጽፎልኛል። “የመጨረሻ ማስታወቂያ” ይላል። የመጀመሪያውን መቼ ላኩ? ታኅሣሥ 22፣ በእነሱ የዓመቱ ማብቂያ ቀን፣ ሁሉንም ነገር ወደ አዲስ ሶፍትዌር ያዛውራሉ። ያልተዘጋጀ ገጽ ሊበላሽ ይችላል፣ ኃላፊነት አንወስድም፣ ይዘጋጁ... በምን ልዘጋጅ? ሰባት ዓመት ሙሉ መጻፍ እንጂ ስለ ውስጡ የማውቀው ነገር የለም።

ደግሞ ስለ አንድ መንደር ብቻ፣ ስለ እኛ መንደር። መልካ ኤጀርሳ። መንደሩ ራሱ ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ገጹም ይሂድ ልበል?

አልልም። ግን በጣም ደክሞኛል።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ውሃም የለም። አባቴ ሾርባውን ግማሽ ጠጣ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አባን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ከሐምሌ ወዲህ ቀኝ እጁም ምላሱም አልታዘዝ ብለውታል። ሐኪሙ “ይሰማል፣ ይገባዋል፣ አነጋግሩት” ብሏል። ምን ብዬ ላነጋግረው? የሠፈሩ ጭቅጭቅ ስለ ውሃ ታንከር ነው፣ የእኔ ወሬ ስለ ታክሲ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከብሎጉ አነብለታለሁ። ራሱ በኦሮምኛ የነገረኝን፣ እኔ በአማርኛ የጻፍኩትን፣ መልሼ በኦሮምኛ።

የሚወደው የጳጉሜውን ነው። 2003 ላይ “ከመስከረም በኋላ ትነሣላችሁ” ሲባል የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መንደር ገባሁ። ጳጉሜ ያን ዓመት ስድስት ቀን ነበረች። ስድስቱንም ቀን በር ላይ ተቀምጠን፣ ውጭ ይዘንባል፣ እሱ ያወራል፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ እከትባለሁ። የትኛው ማሳ የማን እንደነበር፣ የወንዙ መሻገሪያ ስም ከምን እንደመጣ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ማን እንደታረቀ።

የሰዎቹን ስም ስጠራ የግራ እጁ ጣት ትንቀሳቀሳለች። አምስተኛው ቀን ጽሑፍ ላይ አቆምኩ። ሁልጊዜ አምስተኛው ላይ ነው የማቆመው። ጉሮሮዬ ደረቀ አልኩት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ናኦሚን ያዝኳት። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ምሳ የምትበላው እኛ ጋ ነው። አርፋ እስክትበላ እንኳ አልጠበቅኳትም።

“ባክአፕ አለሽ? ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ?”

“ገጹ እዚያው አለ አይደል?”

“ጋዲሴ። ባክአፕ።”

“የለኝም።”

“መጨረሻ አፕዴት ያደረግሽው መቼ ነው?”

“የቱን?”

ሹካዋን አስቀመጠች። “ኖ፣ ሲሪየስሊ። በሰባት ዓመት አንድም ጊዜ?”

ይሠራ ነበር፣ ለምን እነካዋለሁ? አልኳት። “ይሄን ነው ሁሉም የሚለኝ” አለች። ከዚያ ናፕኪን ላይ ጻፈችልኝ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ራስሽ ቅጂ። ከዚያ አዲሱን ሶፍትዌር ቅጂው ላይ መሞከር። ከዚያ ዝባዝንኬውን ማጽዳት። ዋናው መጨረሻ ላይ። “ዋናውን እንዳትነኪ” ሦስት ጊዜ ነው ያለችኝ። ሕፃን ልጅ አስመሰለችኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ከተማው በሙሉ የኅዳርን ቆሻሻ ያቃጥላል። የተቃጠለ ላስቲክ ጭስ ስስብ ዋልኩ። ቅጂውን ማውረድ ጀመርኩ፤ ስልሳ አንድ በመቶ ላይ ኮኔክሽን ሄደ። እንደገና። ሠላሳ ስምንት ላይ ሄደ። እንደገና። ሰባ... አንድ እንግዳ መጥቶ “ኢንተርኔቱ ለምን ተጎተተ?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። እኔ ነበርኩ የጎተትኩት።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ወረደ። ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱ የቁልፎች መሳቢያ ውስጥ። ትንሽ ቀለለኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አልቀለለኝም።

ናኦሚ በምሳ ሰዓቷ ቅጂውን ላፕቶፗ ላይ ጭና አዲሱን ሶፍትዌር ሞከረችበት። “ስንት ጽሑፍ ነው ያለሽ?” ሁለት መቶ ሃያ አልኳት። “እዚህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው የሚለው።” ስድስት ጎደለ። ሳላይ አውቄዋለሁ።

ጳጉሜ ናት።

ብሎጉ ላይ ቀን የሚሞላበት ሣጥን አለ። እኔ ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነበር የምሞላው፤ የፈረንጁን ማን ያሰላል? ጳጉሜ ስትደርስ ወር የሚለው ላይ 13 ብዬ ጻፍኩ። አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ ተቀበለኝ።

“አልተቀበለሽም” አለች ናኦሚ። “አልገባውም። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያጣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብሎ አስቀመጠው። የድሮው ዝም ብሎ ያሳልፋል። አዲሱ ግን ቀን የሌለውን ነገር አልወስድም ይላል።”

“ታዲያ ምን ይውጠኛል?”

“ቀላል ነው። ጽሑፎቹን ለብቻ አውጥቼ እሰጥሻለሁ። የፈረንጁን ቀን ስጪያቸው፣ ርዕሱ ላይ ጳጉሜ ብለሽ ጻፊ። ግን ከመመለስሽ በፊት እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች አንብቢ። የተቆረጠ ነገር ሊኖር ይችላል።”

የተቆረጠ ነገር። ፊቴን አየችኝና “አይዞሽ፣ አልጠፋም እኮ” አለች።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ጽዳት። አንባቢ ከጽሑፍ ሥር የሚጽፈው መልእክት እኔ ካላጸደቅኩት ለሰው አይታይም። የሚጠብቀው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆኗል። የሰዓት ሽያጭ፣ የክብደት መቀነሻ፣ በሩሲያኛ የተጻፈ ምንድን እንደሆነ እንኳ የማይታወቅ። ናኦሚ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ “ሁሉንም ምረጪ፣ ሰርዢ፣ አለቀ” አለች። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

“ቆይ” አልኳት። “አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።”

“አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ?”

“አዎ።”

እብድ ናት ብላ ወጣች መሰለኝ። አንድ በአንድ አላየሁም። የምፈልገው የት እንዳለ አውቃለሁ። ጥር 2004። ጳጉሜ ስድስት ሥር። የጻፈችው ኢሊሊ፣ የጎረቤታችን የብዙአየሁ ልጅ።

“ጋዲሴ፣ ስድስቱንም አነበብኩ። ዛፉን ሁሉ በስም ጠርተሻል። ስለ አባቴ ግን ከድንበር ስም ሌላ አንድ መስመር የለም። ጎረቤት አልነበርንም ወይ? ወይስ አባትሽ ስለ እሱ የሚሉት ነገር የላቸውም?”

ያኔውኑ ነበር ያየሁት። አላጸደቅኩትም። አልሰረዝኩትምም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ከአንድ እስከ አምስት ትናንትና ዛሬ አነበብኩለት። የተቆረጠ የለም። ከዚያ ስድስተኛውን ከፈትኩ። ይለፈኝ ብዬ ነበር... ግን ናኦሚ ሁሉንም ብላለች፣ ደግሞስ እስከ መቼ?

“ማሳችን ከታች እስከ ወንዙ፣ ከጎን እስከ ብዙአየሁ ድንበር ነበር። ከጎረቤት ጋር በሰላም ኖርን።”

“ለኪ” አለ።

መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላወቅኩም። ከሐምሌ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። በኦሮምኛ አይደለም ማለት ነው። ትራሱ ጎረበጠው ብዬ አስተካከልኩለት። ውሃ ሰጠሁት። አልጠጣም። ድጋሚ አነበብኩ።

“ለኪ።” ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ትራሱ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ለምንድን ነው ለራሴ እንኳ የምዋሸው?

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

እዚህ ልጻፈው። ሌላ የትም አልጻፍኩትም።

ጳጉሜ ስድስት፣ የመጨረሻው ቀን። አባ እንዲህ አለኝ፦ “በእኛና በብዙአየሁ መካከል ድንጋይ አልነበረም፣ የሣር ድንበር ብቻ። ልጆች በዛችሁ፣ መሬቱ ጠበበኝ። በየዓመቱ ሳርስ ድንበሩ ላይ አንድ ትልም ወደ እሱ ገፋሁ። አንድ ብቻ። አንድ ትልም ማን ያያል? አሥራ አንድ ዓመት። ብዙአየሁ አንድም ቀን ቃል ሳይወጣው ሞተ። እኔም ሄጄ በድዬሃለሁ አላልኩትም። ይህንንም ጻፊው። ስሜን ጠርተሽ።”

እሺ አልኩት። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ሰው ሁሉ የሚያነበው ገጽ ላይ አባቴን ድንበር ገፊ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ለዚያውም ሊነቀል አንድ ወር በቀረው መሬት? “በሰላም ኖርን” ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። “ጻፍሽው?”

“ጽፌዋለሁ አባ።”

ማንበብ አይችልም። አመነኝ።

አሁን እሱ መናገር አይችልም። ያ ነገር ከዚህ በቀር ወረቀት ላይ የለም፣ ፍላሽ ላይ የለም። ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። እኔ ዝም ካልኩ አባ ሳይናዘዝ ይሄዳል፤ ኢሊሊም አባቷ ተረሳ ብላ ትኖራለች።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ወንድሜ ጅሬኛ መጣ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው ከመኪናው የሚወርደው፣ ሲኖ የጭነት መኪና ይነዳል፣ አሸዋ ያመላልሳል። አባን አቅፎ አዟዟረልኝ፣ ወገቤ አረፈ። ከዚያ ነገርኩት። ሁሉንም።

ፊቱ ጠቆረ። “ልትጽፊው ነው?”

“አባ ነው ጻፊ ያለው።”

“ያኔ ነዋ ያለው። አሁን ምን ያደርጋል? መሬቱ የለ፣ ድንበሩ የለ፣ ሰውየው የለ። አስፋልት ነው ያለው። የአባትሽን ስም አጥፍተሽ ምን ልታገኚ?”

“ኢሊሊ አለች።”

“ኢሊሊ የአንድ ትልም ነገር ጉዳይዋ ነው?”

“አሥራ አንድ ነው።”

ተነሥቶ በረንዳ ላይ ቆመ። ሲመለስ ድምፁ ዝቅ ብሏል። “ተይው ጋዲሴ። እባክሽ ተይው።” ጅሬኛ እባክሽ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሳይበላ ሄደ።

እሱ ይሆን ልክ? እንጃ። አባ ከአልጋው ሁሉንም ሰምቷል።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

አምስቱን በፈረንጁ ቀን አስገብቻለሁ። ስድስተኛው ባዶ ነው። ናኦሚ “ምን ቀረሽ?” አለች። አንድ አልኳት። “እና?” ወደ ቁልፎቼ ተመለስኩ። ሃያ ቀን ቀርቷል።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ጻፍኩት። ጠዋት ቁጭ ብዬ እሱ እንዳለው፣ በእሱ አንደበት። ሳላሳምር። አምስት መስመር ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የፈጀሁት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በኦሮምኛ አነበብኩለት። “እኔ ወዳጆ ነኝ። በብዙአየሁ ድንበር ላይ በየዓመቱ አንድ ትልም የገፋሁት እኔ ነኝ” የሚለው ላይ ስደርስ በግራ እጁ አንጓዬን ያዘኝ። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

“አባ፣ ያን ጊዜ አልጻፍኩትም ነበር። ዋሽቼ ነው። አፍሬ ነው።”

እጄን አልለቀቀም።

“ኤዬ” አለ። አዎ ማለት ነው። ለየትኛው? ለጽሑፉ? ለውሸቴ? አውቅ ነበር ማለቱ ይሆን? አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ፣ በአንድ በኩል ብቻ እንባው ይወርዳል።

ለቅሶው ሲያልቅ ተርበን ነበር። ሽሮ ሠራሁ። ጨርሶ በላ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ከኮምፒውተር ላይ ሊሰማው አይገባም። ቀድሜ ራሴ መንገር አለብኝ። ለኢሊሊ መልእክቷ ላይ በነበረው ኢሜይል ጻፍኩላት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰች። አድራሻ ብቻ። ሰላምታ የለውም።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ሳሊተ ምሕረት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ። የልብስ ስፌት ቤት አላት። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በነጠላ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ብርቱካኑ ራሱ አሳፈረኝ። ለምን ብርቱካን?

ኢሊሊ ወፍራለች። እኔም ወፍሬያለሁ። “ሁለት ዓመት” አለች፣ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ። “መልእክቴን ኮምፒውተሩ በልቶት ነው ብዬ ነበር።”

“ኮምፒውተሩ አይደለም። እኔ ነኝ።”

ስናገር መስፋቷን አላቆመችም። አሥራ አንድ የሚለው ላይ ስደርስ ቆመች። ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

“አባቴ ያውቅ ነበር” አለች። “በየዓመቱ ከእርሻ በኋላ ሄዶ ድንበሩን ይራመደው ነበር። እናቴ ሽማግሌ ላክ ትለዋለች። እሱ ‘ወዳጆ ራሱ ይመጣል’ ይላል። ታሞ እንኳ በሩን እያየ ነበር። ራሱ ይመጣል።”

ብርቱካኑን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

“አባትሽን ይቅር ብያለሁ” አለች። “ታመዋል። ደግሞ ጻፊው ብለዋል። አንቺ ግን ደህና ነሽ፣ እጅ አለሽ፣ ጽሑፌንም አይተሻል። አንቺን እንጃ። ጊዜ ስጪኝ።”

እሺ አልኳት። ልክ ናት። መልእክቷን ልልቀቀው ብዬ ጠየቅኳት።

“ልቀቂው። ቀኑን ግን እንዳትነኪው። መቼ እንደጻፍኩት ይታይ።”

ብርቱካኑን ተቀበለችኝ። ይህችን ታህል ነው ያገኘሁት። ወደ አያት የሚሄድ ታክሲ አጥቼ ግማሹን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ናኦሚ በአዲስ ቅጂ ሞከረች። ሁለት መቶ ሃያ። “አየሽ?” አለች። ስድስተኛውን አንብባ ኖሯል፤ ምሳዋን ስትጨርስ “ስለዚያኛው ጽሑፍ... ጎበዝ” ብላኝ ሄደች። ናኦሚ ሰው አታሞግስም።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ቀኑ ነው። ከጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ ገጹ “በጥገና ላይ” ይላል። በየአሥር ደቂቃው እከፍታለሁ። እንግዶች ቁልፍ ይጠይቁኛል፣ የተሳሳተ ቁልፍ እሰጣለሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ተከፈተ። ፊደሉ ደህና ነው። ስድስቱም ጳጉሜ በተራቸው ተቀምጠዋል። የኢሊሊ መልእክት ከነቀኑ ከስድስተኛው ሥር አለ። ከሥሩ የእኔ መልስ፦ “አይቼው ነበር። ደብቄው ነበር። ይቅርታ።” በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ነው፤ ለሁሉም ይታያል።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። መተኛት ብቻ ነው ያማረኝ።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ጅሬኛ ከሥራ ቦታ ደወለ። ከበስተኋላው የመኪና ጩኸት አለ፣ አሸዋ ለማራገፍ ተራ ይዟል። ስድቡን ጠበቅኩ።

“አነበብኩት” አለ።

“እሺ።”

“አሥራ አንድ ብለሻል።”

“አባ ያለው ነው።”

“አባ የራሱን ነው የቆጠረው።” የመኪናው ጩኸት ዋጠው። የጠፋ መስሎኝ “ሃሎ” አልኩ። “ወገቡን ከታመመ በኋላ ማን ነበር የሚያርሰው?”

ጅሬኛ ነበር። 2001 እና 2002። በሬዎቹን ከመሸጣችን በፊት። አሁን ገባኝ እባክሽ ያለው ለምን እንደሆነ።

“አባ ያውቃል?” አልኩት።

“አይቶኛል። ምንም አላለኝም። ምን ይለኛል?” ከኋላው አንዱ ክላክስ አደረገበት። “አሥራ ሦስት አድርጊው። ሁለቱ የእኔ ናቸው። ስሜን ጥሪ።”

እንግዳ መዝገብ ላይ የሚፈርም ሰው ፊቴ ቆሞ ነበር። አስጠብቄው ማረሚያውን ገጽ ከፈትኩ። አሥራ አንዱን እንዳለ ተውኩት፣ የአባ ነውና። ከሥሩ ጨመርኩ፦ “ሁለቱን የገፋሁት እኔ ልጁ ጅሬኛ ነኝ።” አዲሱ ሶፍትዌር የታረመበትን ቀን ራሱ ጻፈልኝ።

እሑድ መኪናውን አቁሞ ከእኔ ጋር ሳሊተ ምሕረት፣ ኢሊሊ ጋ ይሄዳል። “ምን ብዬ ነው የምገባው?” አለኝ።